በጾም ፒያሳ የገባ ሥጋ

ከፒያሳ ከተመለስኩ ሁለት ሳምንት ሆነኝ፤ ሴቻ ያሉ ጎረቤቶቼ ግን ጥያቄያቸውን አልጨረሱም። "አዲስ አበባ እንዴት ነበር?" ይሉኛል። "ደህና ነበር" ስላቸው ፊታቸው ይጠቁራል። እውነታቸውን ነው፤ ሰው ስድስት ቀን ጠፍቶ መጥቶ "ደህና ነበር" ብሎ መዝጋት ንፉግነት ነው። ስለዚህ ከመነሻዬ እስከ መመለሻዬ ቀን በቀን እጽፈዋለሁ። የምጽፈው ፒያሳን ላላየ ሰው ነው፤ ያየማ እንዴት እንደጠፋሁ ሲያነብ ይስቅብኛል።

በመጀመሪያ ይዤው የሄድኩትን ልናገር፤ ጉዞው ሁሉ የእሱ ጉዞ ነበርና። እኔ እዚህ አርባ ምንጭ የላቦራቶሪ ቴክኒሺያን ነኝ። አለቃዬ እርሳስ፣ ማለትም የመኪና ባትሪ ውስጥ ያለው ብረት፣ ጡንቻን እንዴት እንደሚጎዳ በአይጥ ላይ ሲያጠኑ አይጦቹን የቀለብኩት እኔ ነኝ። ሦስት ቡድን ነበሩን። አንደኛው ንጹሕ ውኃ ጠጣ። ሁለተኛው እርሳስ ያለበትን ውኃ እስከ መጨረሻው ጠጣ። ሦስተኛው እርሳሱን ከጠጣ በኋላ ተቋርጦለት ንጹሕ ውኃ እየጠጣ ሰነበተ። ይኼ ሦስተኛው ቡድን የተጨመረው በእኔ ልመና ነው።

የለመንኩትም ለታናሽ ወንድሜ ለታምራት ስል ነው። ታምራት ሲቀላ ውስጥ ባትሪ ጠጋኝ ነው። አሮጌ ባትሪ ይፈታል፣ እርሳሱን ያቀልጣል፣ መልሶ ይቀርጸዋል። ባለፈው ዓመት የቀኝ እጁ ወደቀ። ክንዱን ሲዘረጋ ይዘረጋል፤ መዳፉ ግን ከአንጓው ጀምሮ ቁልቁል ይንጠለጠላል፣ ቀና በል ቢሉት ቀና አይልም። ሐኪም ቤት "ከእርሳስ ነው፣ ሥራውን አቁም" አሉት። "ካቆምኩ እጄ ይመለሳል?" ቢላቸው "ሊመለስ ይችላል" አሉት። እሱም "'ሊመለስ ይችላል' ልጆቼን አያበላልኝም" ብሎ በግራ እጁ ማቅለጡን ቀጠለ። ከመሄዴ በፊት በነበረው ቀን ሱቁ ደጃፍ ላይ እንዲህ አለኝ፦ "የተቋረጠላቸው አይጦች ከዳኑ አቆማለሁ። ካልዳኑ ግን እጄንም ሥራዬንም አልከስርም፤ እሠራለሁ።" ታምራት አንዴ ከተናገረ ተናገረ ነው፤ አባታችንን ነው የወጣው።

አይጦቹ መዳናቸውን ለማየት ጡንቻቸው ከወረቀት በብዙ ቀጥኖ መቆረጥ አለበት፤ የዚያ መቁረጫ ያለው ደግሞ ስድስት ኪሎ አካባቢ ያለ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ባቄላ የሚያህለውን የቀዘቀዘ ጡንቻ በትንንሽ ብልቃጥ አሽገን፣ ጤና ኤክስቴንሽኖች ክትባት በሚይዙበት ሰማያዊ ሣጥን ውስጥ በበረዶ ከብበን አዘጋጀነው። በብልቃጡ ላይ ቁጥር እንጂ ሌላ ነገር የለም። የትኛው ቁጥር የትኛው ቡድን እንደሆነ የሚናገረው ወረቀት በፖስታ ታሽጎ አለቃዬ መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎበታል፤ የሚቆጥረው ሰው ልቡ ወደፈለገው እንዳያዳላ ነው። አለቃዬ ሲሸኙኝ አንድ ነገር ብቻ ደጋገሙልኝ፦ እንዳይቀልጥ። ቀልጦ እንደገና ከበረደ በረዶው ራሱ ጡንቻውን ይቀድደዋል፤ ከዚያ በኋላ እርሳስ የጎዳውንና በረዶ የጎዳውን የሚለይ ሰው የለም።

ዓርብ

ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሣን። ሣጥኑን ዕቃ መጫኛው ውስጥ አላስገባም ብዬ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት። ረዳቱ መጥቶ አየኝ፣ ሣጥኑን አየ። "እናት፣ ይኼ የሁለት ሰው ቦታ ይዟል እኮ።" "ጭኔ ላይ ነው፣ የማንን ቦታ ያዘ?" አልኩት። "እሺ፣ ጡት ያልጣለ ሕፃን ነው ብለን እናሳልፈዋለን" ብሎ አለፈ። አጠገቤ የተቀመጡት እናት "ክትባት ነው ልጄ?" ሲሉኝ "አዎ" አልኳቸው። የመጀመሪያዋ ውሸት እሷ ነበረች፤ ለቀረው መንገድ ሁሉ ከአጠገቤ ሰው ሲያልፍ "እባካችሁ ክትባት ነው!" እያሉ ጠበቁልኝ።

ሶዶን አልፈን ለምሳ ቡታጅራ ቆምን። የቡታጅራን ክትፎ ዝና ማን ያጣዋል! እኛ ቤት የፕሮቴስታንት ቤት ስለሆነ በዐቢይ ጾምም ሥጋ እንበላለን፤ አንድ የሙስሊም ምግብ ቤት አግኝቼም ገባሁ። ክትፎው ሲቀርብ ሣጥኑ እግሬ ሥር ነው። አንዱን ሥጋ ተሸክሜ ሌላውን መጉረስ አልሆነልኝም፤ አይቡን በቆጮ በልቼ ወጣሁ። ባለቤቱ "አልጣመሽም እንዴ?" ብለው አዝነው ቆጮ በላስቲክ ጠቅልለው ሰጡኝ።

አዲስ አበባ ስንገባ አሥራ አንድ ሰዓት ሆኗል፤ ላቦራቶሪው ተዘግቷል፣ እስከ ሰኞ አይከፈትም። ይኼን አስቀድመን እናውቅ ነበር። የአለቃዬ አክስት እትዬ አስካለ ፒያሳ ይኖራሉ፤ "ፍሪጅ አላቸው፣ እሳቸው ዘንድ ይደር" ተባብለን ነው። በሚኒባስ ፒያሳ ወረድኩ። ብርዱ ከአጥንት ይገባል። እኛ አገር በዚያ ሰዓት ሰው ቁምጣ ለብሶ ደጅ ይቀመጣል፤ እዚያ ሰው ሁሉ በጃኬት ተጠቅልሎ ይሮጣል።

የእትዬ አስካለ ቤት ከጊዮርጊስ ዝቅ ብሎ ከሠራተኛ ሰፈር በኩል ነው። ዙሪያው ፈርሶ ሰፊ አዲስ መንገድ ሆኗል፤ የእሳቸው ግቢ ግን ከነ እንጨት ሰገነቱ ተርፏል። ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ቀጭን፣ ቀጥ ብለው የሚሄዱ ሴት ናቸው። ሳሙኝ፣ ደግመው ሳሙኝ፣ እግርሽን ካላጠብኩ አሉ። "እትዬ፣ እግሬ ይቆየኝ፤ መጀመሪያ ይኼን ፍሪጅ ውስጥ ላስገባው" አልኳቸው።

ፍሪጁን ሲከፍቱት ክው አልኩ። ሙቅ ነው። የበረዶ ማስቀመጫው ውስጥ አንሶላ ተጣጥፎ ተቀምጧል፤ ታች በሶ፣ ሽሮና የአሮጌ ፎቶግራፍ ካርቶን አለ።

"ጾም ሲገባ ነቅዬዋለሁ" አሉ፣ ዓለም ሁሉ እንደዚያ የሚያደርግ ይመስል። "ወተት የለ፣ ሥጋ የለ፣ ቅቤ የለ፤ ለምኑ ይሠራል? እሱም ይጹም እንጂ።"

ይኼን እኔ በምን ልወቀው! እኛ ዘንድ ሙቀቱ አያስችልም፤ ፍሪጅ ጾም አያውቅም፣ ውኃ ያቀዘቅዛል። እትዬ አስካለ ግን ወዲያው አንሶላውን አውጥተው፣ ፍሪጁን ጠርገው ሰኩልኝ። እስኪቀዘቅዝ ሣጥኑ ውስጥ ያለው በረዶ ይሸከመዋል።

"መድኃኒት ነው?" አሉኝ።

ለጾመኛ ሰው ቤት ገብቼ "የአይጥ ሥጋ ነው" ልበል? "እንደዚያ ነው እትዬ" አልኩ። ሁለተኛዋ ውሸት ይቺ ነች።

ቅዳሜ

ጠዋት ሣጥኑን ነካሁት፣ ፍሪጁም ቀዝቅዟል። ልቤ ረፍት አገኘና ፒያሳን ልይ ብዬ ወጣሁ።

እኛ ከተማ ላይኛው ሰፈር ሴቻ፣ ታችኛው ሲቀላ ነው፤ ሰው አይጠፋም። ፒያሳ ግን መንገድ የጠየቅኩት ሁሉ "ቀጥ ብለሽ ውረጂ" ይለኛል። ወረድኩ። የወርቅ ቤቶቹን እያየሁ ወረድኩ፣ ሌላም ጠየቅኩ፣ "ዝቅ በይ" አለኝ፣ ዝቅ አልኩ። ቴዎድሮስ አደባባይ ስደርስ የምፈልገው ፖስታ ካርድ የሚሸጥበት ቤት ከተነሣሁበት አጠገብ እንደነበረ ነገሩኝ። መመለሻው ዳገት ነው። ጡንቻ ምን እንደሆነ ስንት ዓመት በላቦራቶሪ ያልገባኝን ያ ዳገት በአንድ ጊዜ አስረዳኝ። ግማሽ ላይ ቆሜ ሳለከልክ አንድ የጫማ መጥረጊያ ሣጥን ያለው ሰው በርጩማውን አቀበለኝ። "ቁጭ በይ የኔ እናት፣ ዳገቱ አይሸሽም" አለኝ። ጫማዬን ላስጠርግ ብል "ነጠላ ጫማ አድርገሽ ምኑን ልጥረግልሽ?" ብሎ ሳቀብኝ።

ምኒልክ አደባባይ ጋ አንድ አሮጌ ኬክ ቤት ገብቼ ማኪያቶ አዘዝኩ። አስተናጋጇ "የጾም ነው የፍስክ?" አለችኝ። ማኪያቶ እንደሚጾም የሰማሁት ያን ቀን ነው። ከፍሪጁ ጋር ሁለት ሆኑ ብዬ ለብቻዬ ሳቅሁ። የጾሙን አዘዝኩ፤ ክፉ አይደለም።

ማታ እትዬ አስካለ ሽሮ፣ ጎመንና የተልባ ፍትፍት አቀረቡ። እያጎረሱኝ ስለ ቤተሰቤ ጠየቁኝ። ስለ ታምራት ስናገር እጃቸው ትሪው ላይ ቆመ።

"እጁ እንዲህ ወደቀ?" አሉና የራሳቸውን ቀኝ እጅ ዘርግተው መዳፋቸውን ቁልቁል ጣሉት። ልክ እንደ እሱ። ያላየ ሰው እንዴት እንደዚያ ሊያደርገው ቻለ ብዬ ገረመኝ፣ ግን አልጠየቅኩም።

"እና መድኃኒቱ ለእሱ ነዋ!"

 ሦስተኛ ውሸት መናገር አልቻልኩም። "እትዬ፣ መድኃኒት አይደለም። ጡንቻ ነው። እርሳስ የጠጡ አይጦች ጡንቻ ነው። እጁ ይድን አይድን እንደሆነ በእሱ ነው የምናየው።"

"ሥጋ?"

"አዎ።"

"የአይጥ?"

"አዎ፤ ሦስት ጊዜ ታሽጓል።"

አማተቡ። እኔ ጩኸት ጠብቄ ነበር። እሳቸው ግን "ብዪ፣ ጎመኑን ጨርሺ" ብለው ተነሥተው አልጋዬን አነጠፉልኝ። ምን እንዳሰቡ አልገባኝም። ምነው ዓርብ ዕለት ነግሬያቸው ቢሆን እያልኩ ተኛሁ።

እሑድ

ስነቃ ቤቱ ጸጥ ብሏል፤ እትዬ አስካለ ቤተ ክርስቲያን ሄደዋል። መብራት የለም። ወደ ፍሪጁ ሄጄ ከፈትኩ። ሣጥኑ የለም። ሶኬቱ ተነቅሏል። አንሶላው ተጣጥፎ ወደ ቦታው ተመልሷል።

ያን አንሶላ እስክሞት አልረሳውም። በሶው፣ ሽሮው፣ የፎቶ ካርቶኑ ሁሉ ተመልሶ ገብቷል፤ የእኔ የወራት ልፋትና የወንድሜ እጅ ብቻ ነው የሌለው። ጓዳ ፈለግኩ፣ አልጋ ሥር ፈለግኩ፣ አፈር ይብላኝና ቆሻሻ መጣያውንም ገለበጥኩ። ስልካቸው ላይ ደወልኩ፤ ዝግ ነው፣ ቅዳሴ ላይ ናቸው። እየሮጥኩ ጊዮርጊስ ሄድኩ።

ሱሪ ለብሻለሁ፣ ራሴን አልተከናነብኩም። በሩ ላይ ደንገጥ ብዬ ስቆም አንዲት የማላውቃት ሴት አየችኝ። ምንም ሳትጠይቀኝ ነጠላዋን ከላይዋ አውርዳ ከወገቤ በታች አሸረጠችልኝ፤ እሷ በጋቢ ቀረች። "ስትጨርሺ ለጥበቃው ስጪልኝ" አለችኝ። ነገር ግን መግባቴ ምን ይጠቅመኛል? ሺህ ሰው ነጭ ለብሶ ቆሟል። ከኋላ ሁሉም እትዬ አስካለ ናቸው። የሁለት ሴቶችን ፊት ዞሬ ካየሁ በኋላ አፍሬ አጥሩ ጥግ ቆምኩ። ሣጥኑ የትም ይሁን፣ በረዶው እየቀለጠ እንደሆነ አውቃለሁ። ለታምራት ምን እንደምለው እያሰብኩ ነበር። "አይጦቹ አልዳኑም" ብዬ ብነግረው እሱን መዋሸት ነው፤ "አላውቅም" ብዬ ብነግረው ደግሞ ነገ ማለዳ እሳቱን ያነድዳል።

ሕዝቡ ሲበተን አገኘኋቸው። "እትዬ! ሣጥኔ!" አልኩ። ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው አለፉኝ፣ የጸበሉ ሰልፍ ውስጥ ገቡ። ጸበል ሳይጠጡ አፍ አይከፈትም። ያ ሰልፍ ከአርባ ምንጭ አዲስ አበባ ይረዝም ነበር። ጠጡ፣ አፋቸውን ጠረጉ፣ ተሳለሙ፣ ወደ እኔ ዞሩ።

"ሸምሱ ጋ ነው" አሉ።

"ሸምሱ ማነው?"

"ዓሣ ሻጩ ነዋ። ስሚኝ ልጄ። ሥጋ በዐቢይ ጾም ቤቴ አያድርም። ሳላውቅ ላደረው እግዜር ይቅር ይለኛል፤ አውቄ ግን አይሆንም። ደግሞ የሰው እጅ ያለበትን ነገር ሜዳ አልጥለውም። ስለዚህ ንጋት ላይ ወደዚህ ስመጣ በዘንቢል ይዤው ወጣሁ፣ ሸምሱን ከቤቱ ቀሰቀስኩትና ሱቁን አስከፈትኩት።"

"ምነው ቢቀሰቅሱኝ?"

"ብቀሰቅስሽ ትከራከሪኝ ነበራ!"

የሸምሱ ሱቅ ከጊዮርጊስ ሦስት ቤት አለፍ ብሎ ነው። አርባ ዓመት የሚሆነው፣ ወፍራም፣ ሳቂታ ስልጤ ነው። በጾም ሥጋ ቤቱ ሁሉ ሲዘጋ የእሱ ገበያ ይደራል፤ ዓሣ የሚበሉ ጾመኞች አሉ፣ የማይበሉም አሉ፣ እትዬ አስካለ ከማይበሉት ናቸው። ከሩቅ የጄኔሬተር ድምፅ ሰማሁ። መብራት ከንጋት ጀምሮ ከሰፈሩ ሁሉ ጠፍቶ ነበር።  ሣጥኑ እዚያ የጾመ ፍሪጅ ውስጥ ቢቀር ኖሮ በዚህ ሰዓት ውኃ ነበር።

"አቦ ተረጋጊ እህቴ!" አለ ሸምሱ ፊቴን ሲያይ። "እትዬ 'እንዳትከፍት፣ እንዳታዘነብል' ብለው አስምለውኛል፤ ወላሂ አልነካሁትም። ደግሞ እንግዳ አይደለም፣ ከአገሩ ልጆች ጋር ነው ያስተኛሁት፤ ይኼ ሁሉ ዓሣ የአርባ ምንጭ ነው።"

ሣጥኑን አውጥቶ ሰጠኝ። ከፍቼ ነካሁ። ብልቃጦቹ ድንጋይ ናቸው። እዚያው የዓሣ ሚዛን አጠገብ ቆሜ አለቀስኩ፣ ያለ ይሉኝታ።

ከዚያ ግን ውስጡ ያለውን ለሸምሱ ነገርኩት። መዋሸት በቃኝ። የላቦራቶሪ ነገር ከምግብ ጋር ማስቀመጥ ደንባችን አይፈቅድም፤ ይኼን ለአለቃዬም ተናዝዣለሁ። ሸምሱ አንዴ እኔን፣ አንዴ እትዬ አስካለን አየ። "የላቦራቶሪ ሥጋ ነው አሉኝ እንጂ አይጥ መች አሉኝ?" አለ። "ብነግርህ አትቀበለኝማ!" አሉት እትዬ። ሸምሱ ራሱን ነቀነቀ፣ ከዚያ ሳቁ አሸነፈው። ውኃ ብቻ የሚያበርድበትን ትንሹን ፍሪዘር ባዶ አድርጎ ሣጥኑን ለብቻው አስገባው፣ ትልቁን ደግሞ ሠራተኛው እንዲያጥበው አዘዘ። "እስከ ሰኞ የዚህ ፍሪዘር ጌታ አንቺ ነሽ" አለኝ።

ከሰዓት በኋላ ከእትዬ አስካለ ጋር ሰገነቱ ላይ ፀሐይ ስንሞቅ ያን የፎቶግራፍ ካርቶን አመጡት። በአንዱ ፎቶ ላይ ወጣት ናቸው፤ ትንንሽ ጉድጓድ ባለው ትልቅ ሣጥን ፊት ቆመዋል።

"ማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚ ነበርኩ" አሉ። "ፊደሉ እኮ እርሳስ ነው። ከሣጥኑ አንድ አንዱን እየለቀምን እንደረድራለን፣ ሲያረጅ ይቀልጣል። እርሳሱን ያረክስልናል ብለው በየቀኑ ወተት ይሰጡን ነበር። ረቡዕና ዓርብ ግን ጾም አይደል? እኔ የእኔን ለጎረቤት ልጆች እሰጥ ነበር።"

"ወተት ብቻውን አያድንም እትዬ።"

"አውቃለሁ ልጄ። ሙላቱ ወተቱን በየቀኑ ጠጥቷል" ብለው ከአጠገባቸው የቆመውን ረጅም ሰው አሳዩኝ። "እንደ እሱ የሚፈጥን ለቃሚ አልነበረም። እጁ ወደቀ። 'ወደ መጽሐፍ መጠረዣው ተዛወር' አሉት፤ 'እኔ ለቃሚ ነኝ' አለ። በግራ እጁ መልቀም ተማረ፤ ሰዉም አጨበጨበለት። እኔም አጨብጭቤያለሁ። ከዚያ ግራውም ወደቀ።" ፎቶውን ወደ ካርቶኑ መለሱት። "ያን ቀን ማጨብጨባችን ነው የሚቆጨኝ።"

ያን ጊዜ ነው ትናንት እጃቸውን ለምን እንደዚያ መጣል እንደቻሉ የገባኝ። ታምራትም በግራ እጁ ማቅለጥ ሲጀምር እኛ ቤት "ጎበዝ" ብለነዋል።

ሰኞ

ሸምሱ በዓሣ መጫኛ መኪናው ስድስት ኪሎ አደረሰኝ። የመቁረጫው ማሽን ሠራተኛ ጋሽ ታደሰ ይባላሉ፤ ጡረታ ሊወጡ ጥቂት የቀራቸው፣ ማሽኑን እንደ በቅሎ የሚያባብሉ ሰው ናቸው። ሣጥኑን ተቀብለው አሸተቱት።

"አይጥ ነው የተባልኩት፤ ዓሣ ነው እንዴ ያመጣሽው?"

ታሪኩን ስነግራቸው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ከዚያ ግን ፊታቸው ጠና። "መቅለጥ አለመቅለጡን ምላጩ ይነግረናል" አሉ።

ማሽኑ ውስጡ በረዶ ነው። ጡንቻውን አስረው፣ እጀታውን እያዞሩ፣ ከሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ቅጠል ቆረጡ፣ መስታወት ላይ አነሡት፣ ቀለም ነከሩት፣ ማይክሮስኮፑ ሥር አስገቡት። ረጅም ጊዜ አዩ። 

"በረዶ አልነካውም" አሉ። "የዓሣ ነጋዴሽን ሳሚልኝ።"

እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ማሽን የለንም፤ ያለን መቁረጫ ጡንቻውን በሰም ካላደረቁት አይቆርጥም። ጋሽ ታደሰ ግን "መሣሪያው እኮ ከእኔ ዕድሜ ብዙ አያንስም፤ የሚያሠራው መከባበር ነው" አሉኝ።

ማክሰኞ

ቀኑን ሙሉ ስቆጥር ዋልኩ። ጤነኛ ጡንቻ በማይክሮስኮፕ ሲታይ በደንብ እንደተነጠፈ ንጣፍ ነው፤ እያንዳንዱ ክር ጎረቤቱን ይነካል፣ አስኳሉ፣ ማለትም በክሩ ውስጥ በቀለም የጠቆረችው ነጥብ፣ ጠርዙ ላይ ይቀመጣል። የተጎዳው ሲታይ ልብ ይሰብራል። ክሮቹ ተጨማድደዋል፣ በመካከላቸው ባዶ ቦታ ተከፍቷል። በአንዳንዶቹ መስታወቶች ላይ ግን ሌላ ነገር ነበር። ትንንሽ ክሮች፣ አስኳላቸው ጠርዝ ላይ ሳይሆን መሃል ላይ የተቀመጠ።

"አየሻቸው?" አሉኝ ጋሽ ታደሰ። "አስኳሉ መሃል ሲቀመጥ ሥጋው እንደገና እየተሠራ ነው። ሲጠነክር ወደ ጠርዙ ይመለሳል።"

እንደገና እየተሠራ ነው! ግን የማን ነው? ቁጥር ብቻ ነው የማየው። ንጹሕ ውኃ የጠጡት መታደስ አያስፈልጋቸውም፤ ታዲያ ያቆሙት ናቸው ወይስ እየጠጡም የሚታገሉት? እየጠጡ የሚታደሱ ከሆኑ ታምራት "ይኸው፣ እየሠራሁም ይድናል" ይላል። መልሱ አርባ ምንጭ መሳቢያ ውስጥ ነው። ቆጠራው ሳያልቅ ፖስታው አይከፈትም፤ እኔም አላስከፍትም።

ታምራት ደወለ። "አየሽ?"

"አየሁ።"

"እና?"

"አላውቅም ታሜ። ቁጥር ነው ያየሁት።"

 ከኋላው የሱቁ እሳት ሲነፋ ይሰማኛል።

ረቡዕ

እትዬ አስካለ ስንብት ላይ ዳቦ ጠቅልለው ሰጡኝ፤ ሸምሱ ባዶ ሣጥኔ ውስጥ ዓሣ ሊሞላልኝ ነበር። "ዓሣ ወደ አርባ ምንጭ?" ብለው ጮክ ብለው የሳቁበት እትዬ ናቸው። ከዚያ እጄን ይዘው እንዲህ አሉኝ፦

"ለወንድምሽ ንገሪው። አስካለ የምትባል አሮጊት በዐቢይ ጾም ሥጋ ተሸክማ በጊዮርጊስ ደጃፍ ያለፈችው ለእሱ እጅ ነው በይው። እሱ ደግሞ ከዚያ ብረት ይጹምልኝ። በግራውም እንዳይነካው።"

እርስዎ ይንገሩት እትዬ ልል ነበር፤ እንባዬ ቀደመኝ። አውቶቡሱ ውስጥ ሣጥኑን በዕቃ መጫኛ ሰጠሁ፣ ባዶ ነው። ጭኔ ግን እስከ ሶዶ ድረስ የሆነ ነገር የጎደለው ይመስለኝ ነበር። ሙቀቱ ሲቀበለኝ ጃኬቴን አወለቅኩ፤ አገሬ ገባሁ።

ሐሙስ

አለቃዬ ፖስታውን በፊቴ ከፈቱ። ቁጥሩን ከቁጥር አስተያየን። አስኳላቸው መሃል የተቀመጠው ብዙዎቹ ከሦስተኛው ቡድን፣ ከጾሙት ነበሩ። ሁሉም አይደሉም፤ ጥቂቶቹ አልጀመሩም። እስከ መጨረሻው ከጠጡት ግን አንድም አልነበረም።

በቀጥታ ሲቀላ ወረድኩ። ታምራት እሳቱ ፊት ነው፤ ማንኪያውን በግራው ይዟል፣ ቀኙ ጭኑ ላይ ተንጠልጥሏል። ሳልቀመጥ ሁሉንም ነገርኩት። አይጥ ሰው አይደለም አልኩት። ያቆሙትም ሁሉም አልዳኑም አልኩት።

"ያላቆሙትስ?" አለኝ።

"አንድም የለም።"

እሳቱን አየ። ከዚያ ስለ እትዬ አስካለ ነገርኩት፣ ስለ ዘንቢሉ፣ ስለ ሸምሱ፣ ስለ ሙላቱ ግራ እጅ፣ ስለ ላኩለት ቃል። ስለ ሙላቱ ስናገር ማንኪያውን አስቀመጠ።

"እና ፋሲካዬ መቼ ነው?" አለኝ።

"አላውቅም።"

"ቀኑ የማይታወቅ ጾም ነው የሰጡኝ በይዋ" ብሎ ከበርሜሉ ውኃ ቀድቶ እሳቱ ላይ ደፋው። እንፋሎቱ ሁለታችንንም ወደ ደጅ አስወጣን።

በሩን ዘጋን። ጓጉንቸሩን እኔ ልቆልፍ ስል "በቀኜ ነው የምቆልፈው" አለ። ቁልፉን በግራው አንሥቶ በቀኝ ጣቶቹ መካከል ሰካው። እጁ ወረደ። እኔ አንጓውን ከሥር ደግፌ ቀና አደረግኩለት፣ ጓጉንቸሩን በሌላው እጄ ያዝኩ፣ እሱ ቁልፉን ለማዞር ይታገላል። ብዙ ጊዜ ወሰደብን። አልቸኮልንም።